ሃያ አምስተኛዋ ቦታ

ባሌ ወንዳፈረው በር ቆልፎ ሦስት ጊዜ የሚመለስ ሰው ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብተን እንኳ «ቆይ፣ ቆይ» ብሎ ይወርድና ቁልፉን ጎተት ጎተት አድርጎ ይመለሳል። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች ስለለመዱት ሞተር አያጠፉም። እኔ ግን አስራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ እስካሁን እናደዳለሁ። ስለ እሱ ልጽፍ ስነሳ ይሄን ያስቀደምኩት፣ በኋላ የምናገረውን ስትሰሙ ግዴለሽ ነው እንዳትሉት ብዬ ነው። ግዴለሽ ቢሆን ኖሮ እኔም ተቆጥቼ፣ ተሳድቤ እገላገል ነበር።

ሌላም ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ሊድያ እባላለሁ፤ እዚሁ ጋምቤላ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪ መስኮት ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ሲለኝ፣ ክፍሉ ፊት አቁሜ «እኔ ነኝ» እስኪል ድረስ የማልለቅ አስተማሪ ነኝ። ይሄን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ቢሆንም ይጻፍ።

ወንዳፈረው የተወለደው አቦቦ አጠገብ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው የመጡ ናቸው። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሁለቱ ልጆች የጋምቤላን የመጀመሪያ ክረምት አላለፉትም፤ አንዱን ወባ ወሰደው፣ አንዷ ግን አባቱ እንደሚሉት «ቀጥና ቀጥና» ነው የሞተችው። አባቱ ጋሽ ዘገየ ስለዚች ልጅ ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደግማሉ፦ «የሚመዝናት ሰው ቢኖር ኖሮ መቅጠኗን በጊዜ እናውቅ ነበር። እኛማ በየቀኑ ስለምናያት አላየናትም።» ወንዳፈረው ይሄን እየሰማ ነው ያደገው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሲማር፣ ጓደኞቹ ሁሉ አዲስ አበባ ሲቀሩ፣ እሱ ወደ ጋምቤላ የተመለሰበትን ምክንያት ሰው ሲጠይቀው «ሙቀቱ ናፍቆኝ ነው» እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን በዚች እህቱ ምክንያት ይመስለኛል።

ሥራ ያገኘው በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ሕጻናትን ከሚመግብ አንድ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም፤ የምጽፈው ስለ ሰውዬው ነው። እሱ ሲገባ የልጆቹ ክብደት በወረቀት መዝገብ ነበር የሚያዘው። ክረምት ሲሆን ዝናብ ያረጥበዋል፣ በጋ ሲሆን ምስጥ ይበላዋል። ወንዳፈረው ድርጅቱን ለምኖ አስራ ሁለት የኤሌክትሪክ ሚዛን አስገዛ፤ ትንሽ ስክሪንና ቁልፎች ያላቸው። ለሚዛኖቹ የሚሆነውን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፈው እሱ ብቻውን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። መዝጋቢዋ የልጁን ስም ትጽፋለች፣ ልጁን ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች፣ ክብደቱ ከተወሰነው በታች ከሆነ አረንጓዴዋን ቁልፍ ትጫናለች። ያቺ ቁልፍ «ክትትል ያስፈልገዋል» የሚል ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ ትመዘግባለች፤ በቃ። ሐሙስ ሐሙስ ምልክቱ ያለባቸው ልጆች ዝርዝር ይወጣና በድምፅ ማጉያ ይጠራል። የተጠራ ልጅ ለቀጠኑ ልጆች የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ ይወስዳል፣ ተጠርቶ የቀረ ልጅ ካለ ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይፈልገዋል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ልጅ ግን አይጠራም፤ ማንም አይፈልገውም።

ከመዝጋቢዎቹ አንዷ ኛኩዎል ነበረች። የኢታንግ ልጅ ናት፣ ኑዌር፣ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ኑዌርኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። ወንዳፈረው ስለ እሷ ሲያወራ «ከሁሉም ጠንቃቃዋ» ይላት ነበር፤ አንድ ቀን እንዲያውም ቀናሁ። አንዱ ጥንቃቄዋ በስም ነው። ሌሎቹ መዝጋቢዎች ሰልፉ ሲረዝምባቸው የልጁንና የአባቱን ስም ጽፈው ያልፋሉ። ኛኩዎል ግን አያትም ቅድመ አያትም ትጠይቃለች። በኑዌር ዘንድ ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው የአባቶቹን ስም ወደ ላይ ሲቆጥር ነው፤ በዚያ ላይ በአንድ ሰልፍ ውስጥ ስማቸው እስከ አባት አንድ የሆነ ሁለትና ሦስት ልጆች አይጠፉም። እሷ «ልጅ ከልጅ እንዳይቀያየር» ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ በዝናቡ መሃል፣ ጋትደት የሚባል የአስራ አራት ወር ልጅ ሞተ። ሙሉ ስሙ ጋትደት ቾል ሩዋች ጋትሉዋክ ነው። ኛኩዎል ናት የመዘገበችው። ክብደቱ ከተወሰነው በብዙ ያንስ ነበር፤ ክትትል ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ምልክቱ ግን አልነበረም። እናቱ ሁለት ሐሙስ ተከታትላ መጣች። ልጇን አዝላ ቆመች፣ ስሙን ሳይጠሩት ሰዉ ተበተነ፣ እሷም ተመለሰች። በሦስተኛው ሐሙስ አልመጣችም።

ድርጅቱ ደንግጦ መዝገቡን ሁሉ ሲፈትሽ፣ ክብደታቸው አንሶ ምልክት የሌላቸው ከጋትደት ጋር አስራ አንድ ልጆች ተገኙ። አስሩን ቤት ለቤት ፈልገው አገኟቸው፣ ዳኑም። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ የሰው ጥፋት ነው ወይስ የማሽን? ለወንዳፈረው «አይተህ በጽሑፍ አሳውቅ» ተባለ።

አየ። ማየቱንስ አየ። ሚዛኑን ቤት ድረስ አምጥቶ ሳሎናችን ውስጥ የዱቄት ከረጢት እየመዘነ ፈተነው። ስም ጻፈ፣ አረንጓዴዋን ተጫነ፣ መዘገበ፤ ምልክቱ አለ። አርባ ጊዜ ደገመው፣ አርባውንም ጊዜ ምልክቱ አለ። የጻፈው ስም የራሱን ነበር፣ የእኔን፣ የእህቴን፣ የጎረቤቶቻችንን። በዚያ ላይ አስራ አንዱንም ልጆች የመዘገበችው አንድ ሰው ናት። ኛኩዎል «ተጭኛለሁ፤ ምልክቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብላ ማለች። እሱ ግን «ፕሮግራሙ እንከን የለበትም፤ ስህተቱ የመዝጋቢዋ ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ፊርማው ስር ለመጻፍ ቀኑ ስንተኛ ነው ብሎ የጠየቀው እኔን ነው፤ ነገርኩት።

ኛኩዎል ከሥራ ተሰናበተች። ከመሄዷ በፊት ወረቀት አስፈርመዋታል። እዚያ ላይ መጀመሪያ የማለችውን ትታ «ረስቼው ሊሆን ይችላል» አለች ሲባል ሰማን። እኔ ይሄን ስሰማ «ይኸው፣ አመነች» አልኩ። ወንዳፈረው ተነስቶ በሩን አየ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ነው የኮምፓይለሩን ነገር የጀመረው። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ እኔም የተረዳሁት በስንት ጭቅጭቅ ነው። ትልልቆቹ ኮምፓይለሮች፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በማሽኑ ማስታወሻ፣ ሜሞሪ በሚሉት፣ ውስጥ ያልተፈቀደለት ቦታ ላይ ሲጽፍ እጅ ከፍንጅ የሚይዝ ነገር አላቸው። ለሚዛኖቹ ርካሽ ቺፕ የሚሆነው ትንሹ ኮምፓይለር ግን ይሄ አልነበረውም። እሱን በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው በነጻ የሚሠሩት። ወንዳፈረው «እኔ ልጨምርላቸው» አለ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ሚዛኖቹ ወደ ሌሎች መጠለያዎች ሊሄዱ ነው፣ አንዳንዱም በወር አንዴ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ስለዚህ መፈተሽ አለባቸው አለኝ። አመንኩት። አሁን ሳስበው፣ ያችን የፈረማትን ወረቀት ልቡ አላመናትም ነበር።

እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳኝ በእርሻ ነው፤ የገበሬ ልጅ አይደል። ሜሞሪ ማለት ጎን ለጎን የተደረደሩ ቦታዎች ነው። ስም የራሱ ማሳ አለው፣ ክብደት የራሱ፣ ምልክት የራሱ። ችግሩ በማሳዎቹ መካከል ወሰን የለም። አራሹ አንድ እርምጃ ቢያልፍ የጎረቤቱን ሰብል ይገለብጣል፤ የሚጮህ የለም። «እና እኔ የማደርገው» አለኝ፣ «በየማሳው መካከል ማንም የማይረግጠው ባዶ መሬት እተዋለሁ። ከዚያ ኮምፓይለሩ እያንዳንዷ ጽሑፍ ከመጻፏ በፊት ‹እዚህ መጻፍ ይፈቀዳል ወይ?› የሚል ጥያቄ ያስገባል። ካልተፈቀደ ፕሮግራሙ ቀጥ ይልና የትኛው መስመር እንዳጠፋ ይናገራል።»

«በገዛ እጅህ ጽፈህ በገዛ እጅህ ዘበኛ ልትቀጥርበት ነው?» አልኩት።

«ጎሽ፣ ገብቶሻል» አለ።

ሦስት ወር ፈጀበት። ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ይቀመጣል። ኔትወርኩ ሲጠፋ ወደ ከተማ መሃል ወርዶ ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ አዞ የሠራውን ይልክላቸዋል። በጎ ፈቃደኞቹ ሁለት ጊዜ መለሱበት። አንዴ ማሽኑን ያዘገያል ብለው፣ አንዴ ደግሞ እኔ ባልገባኝ ምክንያት። እኔ ተናደድኩባቸው፣ እሱ ግን «ልክ ናቸው» ብሎ እንደገና ጀመረው። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቶ ነበር።

ያለቀው እሁድ ቀን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር፣ እሱ ኮምፒውተሩን የመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። መጀመሪያ የሚዛኑን ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፓይለር ቀይሮ እንደተለመደው በእኛ ቤት ስሞች ሞከረው። አለፈ። «ንጹሕ ነው!» ብሎ ጮኸልኝ። እኔም እጄ ላይ ቢላዋ እንደያዝኩ አጨበጨብኩለት። ከዚያ «እስቲ ደግሞ በእውነተኞቹ ስሞች» አለና ያለፈውን ዓመት የመጠለያውን መዝገብ ሙሉውን ሰጠው። ከአራት ሺህ በላይ ልጆች ናቸው።

ማሽኑ ቆመ። የመስመር ቁጥር አወጣና «ከተፈቀደው ቦታ አንድ አልፎ ተጽፏል» የሚል ነገር አሳየ። ከስሩ ሲጻፍ የነበረው ስም አለ። ወንዳፈረው ስህተቱን እየዘለለ እስከ መጨረሻ እንዲሄድ አደረገው። ብዙ ስም ወጣ፤ ሁሉም ረዥም ረዥም። ከእነሱ ውስጥ ክብደታቸው ያነሰውን ለየ። አስራ አንድ ሆኑ። እኔ ከትከሻው በላይ ሆኜ ቆጠርኳቸው፤ እሱ ግን መቁጠር አላስፈለገውም።

«ሊዲ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ተጭናዋለች።»

እስኪያስረዳኝ ድረስ ድንቹ እጄ ላይ ነበር። ፕሮግራሙን ሲጽፍ ለስም ሃያ አራት ቦታ ነው የሰጠው። ለምን ሃያ አራት? የራሱ ስም እስከ አያቱ፣ ወንዳፈረው ዘገየ ይመር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ከነክፍተቱ ሃያ ሦስት ይሆናል፤ አንድ ደግሞ ስሙ ማለቁን ለምትናገረው ዜሮ። «የሰው ስም ቢረዝም ቢረዝም ከእኔ አይበልጥም ብዬ» አለ። ከዚያ የረዘመ ስም ሲመጣ ፕሮግራሙ ሃያ አራቱ ላይ ይቆርጠውና ዜሮዋን ሃያ አምስተኛው ቦታ ላይ ያስቀምጣታል። ሃያ አምስተኛው ቦታ ደግሞ የስም አይደለም። የክትትል ምልክቱ የሚቀመጥባት ቦታ ናት። መዝጋቢዋ አረንጓዴዋን ትጫናለች፣ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ «መዝግብ» ስትል ግን ማሽኑ ምልክቱን ቀድሞ ጽፎ ስሙን በመጨረሻ ይጽፋል፤ ዜሮዋም ምልክቱን ታጠፋዋለች። ስም የሚያስረዝም መዝጋቢ ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች።

ክው አልኩ። የመጣልኝ ሐሳብ ግን ስለ ኛኩዎል አልነበረም፣ ስለ ልጁም አልነበረም። ስለ ሥራው ነበር፣ ስለዚህ ስለተከራየነው ቤት፣ በሚቀጥለው ወር ይሰጠዋል ስለተባለው የኃላፊነት ቦታ፣ ሰው ምን ይለናል ስለሚለው። እና አፌን ሞልቼ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንዲህ አልኩት፦ «ልጁ አይመለስም። አስሩ ድነዋል። አንተ ብትናገር ማን ይጠቀማል? አርመህ አዲሱን ላከው። በቃ፣ ሆድ ይፍጀው።»

«ኛኩዎልስ?»

«ኛኩዎል እኮ ረስቼዋለሁ ብላ ፈርማለች።»

ይሄን አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ድንቹን ጨርሼ ላጥኩ፣ ወጥ ሠራሁ፣ አቀረብኩ። እሱ አልበላም፤ እኔ በላሁ።

እንዳልኩት አደረገ። ለስም የተሰጠውን ቦታ አሰፋ፣ ዜሮዋን ወደ ቦታዋ መለሳት፣ ለድርጅቱም «የተሻሻለ» ብሎ ላከ። ተመሰገነ። በጎ ፈቃደኞቹም ሥራውን ተቀብለው ስሙን ከሠሪዎቹ ጋር ጻፉት። አንዱ በምስጋናው መጨረሻ ላይ እንዲሁ ለወሬ ያህል ጠይቆታል፦ በእውነተኛ ፕሮግራም ላይ ሞክረኸዋል? ስህተት አገኘልህ? ወንዳፈረው ያችን ጥያቄ ሦስት ቀን ከፍቶ ሲያያት ሰነበተ። በመጨረሻ አንድ ቃል መለሰለት፦ «አንድ።» ሰውዬው የአውራ ጣት ምልክት ላከለት።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርን። ነገሩን አንድም ቀን አላነሳም፣ ይሄ ደግሞ የባሰ ነበር። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። አባቱን ለመጠየቅ አቦቦ ስንሄድ፣ ጋሽ ዘገየ የለመዷትን የልጃቸውን ነገር አነሱ፤ «የሚመዝናት ሰው ቢኖር ኖሮ»። ወንዳፈረው ብድግ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው «ምን ሆኗል?» አሉኝ። «ሙቀቱ ነው አባዬ» አልኳቸው። ለሽማግሌም ዋሸሁ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። የደረቀ ዓሣ ከሚሸጡት ሴቶች መሃል አንዷ «ቲቸር! ቲቸር ሊድያ!» ብላ ጠራችኝ። ኛኩዎል ናት። ከኢታንግ ዓሣ ይዛ መጥታ ማዳበሪያ ላይ ዘርግታለች። ከስታለች። እግሬ ወደ ኋላ ሊል ነበር፤ እሷ ግን ተነስታ እጄን ያዘችኝ።

«ሰላም ነሽ? ኢንጂነር ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ።

«እኔ እሱን ማየት አፍሬ ነው እንጂ መምጣት ፈልጌ ነበር። ይቅርታ በይልኝ፣ እሺ? እሱ ለማሽኑ በጣም ደክሞ ነበር። በእኔ ምክንያት ሰዎች ‹ማሽኑ መጥፎ ነው› አሉ። እኔ ነኝ የረሳሁት። መጀመሪያ ተጭኛለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን… አላውቅም። ሁልጊዜ አስባለሁ። ጣቴን አየዋለሁ። ተጭኖ ነበር ወይስ አልተጫነም? ልጁ ሞቷል፤ ስለዚህ አልተጫንኩም ማለት ነው።»

ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልላ ሁለት ዓሣ ሰጠችኝ። እምቢ ብል፣ ብር ላውጣ ብል፣ «ለኢንጂነር ነው» አለች። ይዤው ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ ነጂው በመስታወቱ ያየኛል።

ቤት ስገባ ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጥኩትና የነገረችኝን ሁሉ ቃል በቃል ነገርኩት። «ይቅርታ በይልኝ ብላኛለች» አልኩት። «አንተን ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ወንዳፈረው። ጥፋቱ የእኔም ነው። ዝም በል ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«ዝም በል ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ወረቀት አወጣና እዚያው መጻፍ ጀመረ።

ሰኞ ደብዳቤውን ለድርጅቱ አስገባ። ሁሉንም ጽፎታል፤ ሃያ አራቱን፣ ዜሮዋን፣ አስራ አንዱን ስም፣ የፈረመው ወረቀት ሐሰት መሆኑን፣ ካወቀም በኋላ ሦስት ሳምንት መደበቁን። አለቃው አንብቦ ሲጨርስ «ጥሩ፣ እኛ በውስጥ እናየዋለን፤ ቤተሰብ መረበሽ አያስፈልግም» አለው። እስኪወሰን ድረስም ቤትህ ቆይ ተባለ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ሚኒባስ ተሳፍረን ኢታንግ ወረድን።

ኛኩዎል ቤቷ ደጃፍ ላይ ዓሣ እየሰነጠቀች ነበር። ወንዳፈረው አልተቀመጠም። ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ ተናገረ፦ «ተጭነሻል። አስራ አንዱንም ተጭነሻል። ያጠፋው የእኔ ፕሮግራም ነው። አንቺን ‹አጥፍታለች› ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።» የደብዳቤውን ቅጂ ሰጣት።

እሷ ወረቀቱን አልተቀበለችም፤ እጇ ዓሣ ነክቶ ነበር። «ተጭኛለሁ?» አለች።

«ተጭነሻል።»

«እርግጠኛ ነህ? ያን ጊዜም እርግጠኛ ነበርክ።»

መሬት መሬት እያየን ቆምን። እሷ ገብታ እጇን ታጥባ ወጣች። ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከዚያ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ይፈታል ብዬ የጠበቅሁት ፊቷ አልተፈታም። «የጋትደት እናት ትየርኪዲ ናት» አለች። «መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ና፣ ለእሷ ንገራት። እኔ እተረጉምልሃለሁ።»

የጋትደት እናት ወጣት ናት፣ ከኛኩዎልም ታንሳለች። ኛኩዎልን ስታይ ፊቷን አዞረች፤ ኛኩዎል ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ ወንዳፈረው በአማርኛ ጀመረ፣ ኛኩዎል በኑዌርኛ ተከተለች። ስለ ማሽኑ በአጭሩ ነገራት፤ ለረዥም ስም ቦታ እንዳላስቀመጠ፣ በዚህ ምክንያት የልጇ ምልክት እንደጠፋ፣ ሁለቱንም ሐሙስ መጠራት እንደነበረበት። «ኛኩዎል አልረሳችውም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ኛኩዎል ስለ ራሷ የተነገረውንም ሳትዘል ተረጎመችው።

እናትየው አንድ ነገር ጠየቀች።

«‹ስሙ ሁለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይጠሩት ነበር ወይ?› ትላለች» አለች ኛኩዎል።

ወንዳፈረው ወደ እኔ ዞረ። ይሄ ሰው መዋሸት አይችልም፤ ሦስት ሳምንት እንኳ ዝም ያለው እኔ ዝም በል ስላልኩት ነው። በዚያች ቅጽበት ደግሜ «ዝም በል» ልለው ዳዳኝ፤ እውነቴን ነው። ግን በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁለት።

«አዎ» አለ። «ይጠሩት ነበር።»

ኛኩዎል ተረጎመች። እናትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ፈጥና ፈጥና ማውራት ጀመረች፣ ደረቷን እየመታች፣ አንዴ ወደ ኛኩዎል አንዴ ወደ እኛ። ኛኩዎል ልታቋርጣት ሞከረች፤ አልቻለችም። ወንዳፈረው «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል።

«በሰልፉ ውስጥ ሌላ ጋትደት ቾል ነበር» አለች ኛኩዎል፣ ዓይኗን ከእናትየው ሳታነሳ። «‹እንዳይቀላቀል አራቱንም ስም ጻፊ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ› ትላለች። ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ትላለች።»

«አይደለም!» አለ ባሌ። «አይደለም በያት! ስሙ ትክክል ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቦታ ያሳነስኩት እኔ ነኝ። ንገሪያት!»

ኛኩዎል ቁጭ ብላ የሴትዮዋን ሁለት እጆች ይዛ ነገረቻት። እናትየው ራሷን ወዘወዘች። ወንዳፈረውም ተንበርክኮ ያንኑ እንደገና አለ፣ ኛኩዎልም እንደገና ተረጎመች፤ ሦስተኛም ጊዜ አለ። እናትየው አንዲት ነገር ብቻ መለሰችና ፊቷን በለበሰችው ጨርቅ ሸፈነች።

ኛኩዎል ወደ ባሌ ዞረች።

«አላመነችህም» አለችው።